ዳገቱን የሚያውቀው ማን ነው? የብስክሌት ማርሽ የተከለከለበት ዘመን

የቱር ደ ፍራንስ መሥራች አንሪ ዴግራንዥ ራሱ ብስክሌተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 በአንድ ሰዓት 35.325 ኪሎ ሜትር ጋልቦ ሪከርድ ይዟል። ሪከርዱን የያዘው ግን ዳገት በሌለው የመወዳደሪያ ትራክ ላይ ነው። ይህን ልብ ይበሉ።

በ1910 ይህ ሰው የሚመራው ውድድር ወደ ፒሬኔ ተራሮች ገባ። 2,115 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱርማሌን ተወዳዳሪዎቹ የወጡት በኮረኮንች መንገድ፣ በከባድ ብስክሌት፣ ማርሽ ሳይቀይሩ ነበር። የዚያ ዓመት አሸናፊ ኦክታቭ ላፒዝ እንኳ ከፊሉን በእግሩ እየገፋ ነው የወጣው። በንዴት አዘጋጆቹን «ነፍሰ ገዳዮች» ማለቱ እስከ ዛሬ ይወራል።

መፍትሔው ጠፍቶ አልነበረም። በሴንት ኤትየን ከተማ ፖል ደ ቪቪ የተባለ ጸሐፊ ማርሽ የሚቀይር ብስክሌት ለተራራ እንደሚበጅ በመጽሔቱ ሲወተውት ኖሯል። በ1902 በተደረገ የተራራ ሙከራም ማርት ኤስ የተባለች ሴት ባለ ሦስት ማርሽ ብስክሌት ይዛ፣ አንዴም እግሯ መሬት ሳይነካ ጨረሰች። ዴግራንዥ ሙከራውን አመሰገነ፤ ግን ማርሽ መቀየር ከ45 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ነው አለ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ የቱሩ ታላላቅ ተወዳዳሪዎች ለዓመታት ዳገት ሥር እየወረዱ፣ የኋላውን ጎማ ፈትተው እየገለበጡ፣ በሌላኛው ጎን ባለው ጥርስ ሲወጡ ኖሩ። ዴግራንዥ ኃላፊነቱን ለዣክ ጎዴ ከለቀቀ በኋላ፣ በ1937 ክልከላው ተነሣ። ሮዤ ላፔቢ ማርሽ እየቀየረ አሸነፈ። ተራራው አላጠረም፤ ጀግንነቱም አልቀነሰም።

ክርክሩ ግን ዛሬም አለ። ለብዙ ቀን የተራራ ጉዞ የሚዘጋጅ ሰው «ቀላል ማርሽ የደካማ ነው» ሲባል ይሰማል። ሒሳቡ ይፍረድ። ከፊት 53፣ ከኋላ 25 ጥርስ ከሆነ አንድ የፔዳል ዙር ወደ 4.5 ሜትር ይወስዳል፤ ከፊት 34፣ ከኋላ 34 ከሆነ ወደ 2.1 ሜትር። በመጀመሪያው ቀን ጉልበት ልዩነቱን ይደብቀዋል። በሦስተኛው ቀን የሚናገረው ጉልበት ሳይሆን ጉልበቱ የተጠራቀመበት ድካም ነው። ቀላሉን ማርሽ ይዞ ሳይጠቀሙበት መመለስ አይጎዳም፤ አጥቶ መግፋት ግን ላፒዝንም አድክሟል።