ዲኤስኤልአር ወይስ ባለሰፊ ሴንሰር ቪዲዮ ካሜራ? ለቀረጻ መሣሪያ ሲመረጥ ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

ሰርግ፣ ምርቃት፣ የሙት ዓመት ዝክርና የአርሶ አደሮች የመስክ ቀን አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ አንዴ ካለፉ አይደገሙም። አባት ልጃቸውን ሲመርቁ ካሜራው ቢቆም ወይም ድምፁ ባይቀረጽ፣ ጉድለቱን በኋላ በኮምፒውተር ማቃናት አይቻልም። ስለዚህ ቆጥቦ ካሜራ የሚገዛ ወጣትም ሆነ ባለሙያ ቀጥሮ የሚያስቀርጽ ቤተሰብ፣ ከምስሉ ውበት አስቀድሞ የመሣሪያውን ጠባይ ቢያውቅ ይጠቀማል። ይህ ጽሑፍ ዲኤስኤልአር ካሜራን፣ በእርሱ ምትክ ከቀረቡት ባለሰፊ ሴንሰር ቪዲዮ ካሜራዎች ጋር ያነጻጽራል። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጠቀሱ ናቸው።

የፎቶ ካሜራ ወደ ቪዲዮ የገባበት መንገድ

ዲኤስኤልአር በመሠረቱ የፎቶግራፍ ካሜራ ነው። በሌንሱ የገባው ብርሃን በውስጡ ባለ መስታወት ተንጸባርቆ ወደ ዓይን መመልከቻው ይደርሳል፤ ፎቶ ሲነሣ መስታወቱ ወደ ላይ ይወጣና ብርሃኑ በሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ሴንሰር ማለት ቀድሞ ፊልሙ በነበረበት ቦታ ተቀምጦ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ክፍል ነው።

ቪዲዮ መቅረጽ የቻለው የመጀመሪያው ዲኤስኤልአር በ2008 የወጣው ኒኮን ዲ90 ነው። በዚያው ዓመት ካኖን 5ዲ ማርክ 2 የተሰኘውን ካሜራ አስተዋወቀ። የዚህ ካሜራ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነበር። በወቅቱ ብዙዎቹ የእጅ ቪዲዮ ካሜራዎች ወርዱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ሴንሰር ብቻ ነበራቸው። ሴንሰሩ ሲሰፋ በደብዛዛ ብርሃን የተሻለ ምስል ይገኛል፤ ሰውየው ጠርቶ ከበስተኋላው ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። ይህ መልክ ቀደም ሲል የሚገኘው በውድ የሲኒማ ካሜራ ስለነበር፣ ዲኤስኤልአር በአጭር ጊዜ ተወዳጅ ሆነ። «ሀውስ» የተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የ2010 የምዕራፍ ማጠቃለያ ክፍል በ5ዲ ማርክ 2 ተቀርጿል።

የዲኤስኤልአር ድክመቶች

አንደኛው የጊዜ ገደብ ነው። 5ዲ ማርክ 2 አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ሲሞላ፣ ማለትም ከ12 ደቂቃ ገደማ በኋላ፣ ቀረጻውን ያቆማል። ከዚያ በኋላ የወጡ ብዙ ካሜራዎች ደግሞ በ29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ይቆማሉ። ለዚህ አንዱ ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት የቀረጥ ሕግ ነው፤ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ የሚቀርጽ መሣሪያ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ከፍ ያለ ቀረጥ ይጣልበት ነበር። ለሰዓታት የሚዘልቅ የተክሊል ሥርዓት የሚቀርጽ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢጀምር፣ ካሜራው መቆሙን የሚረዳው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። በብዙዎቹ ላይ ያለው የማይክሮፎን መሰኪያ አነስተኛው የ3.5 ሚሊ ሜትር ዓይነት ነው፤ በ5ዲ ማርክ 2 ላይ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ስለሌለ ድምፁ በትክክል መግባቱን እየሰሙ መቆጣጠር አይቻልም።

ሦስተኛው የምስሉ አሠራር ነው። የዚህ ካሜራ ሴንሰር 21 ሚሊዮን ነጥቦች ሲኖሩት ሙሉ ኤችዲ ቪዲዮ የሚፈልገው 2 ሚሊዮን ያህል ነው። ካሜራው ብዙ ረድፎችን እየዘለለ ስለሚያነብ፣ በነጠላ ጥለት ወይም በሩቅ በሚታይ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በእውኑ የሌሉ የቀለም ሞገዶች ይታያሉ።

አራተኛው የመመልከቻው ጉዳይ ነው። ቪዲዮ ሲቀረጽ መስታወቱ ወደ ላይ ስለሚነሣ የዓይን መመልከቻው ይጨልማል፤ የቀረው የጀርባ ስክሪን ደግሞ በቀትር ፀሐይ በግልጽ አይታይም።

ባለሰፊ ሴንሰር ቪዲዮ ካሜራ

አምራቾች ለእነዚህ ችግሮች የሰጡት ምላሽ ሰፊውን ሴንሰር በቪዲዮ ካሜራ አካል ውስጥ ማስገባት ነበር። ፓናሶኒክ ኤኤፍ100ን በ2010 መጨረሻ ለገበያ አቀረበ፤ ሴንሰሩ 17.3 በ13 ሚሊ ሜትር የሆነው የማይክሮ ፎር ሰርድስ መጠን ነው። በ2011 የሶኒ ኤፍ3 እና ኤፍኤስ100 ተከተሉ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ካኖን ሲ300ን ይፋ አደረገ። እነዚህ ሦስቱ ሱፐር 35 የሚባለውን፣ ከሲኒማ ፊልም ምስል ጋር የተቀራረበና ወርዱ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ሴንሰር ይጠቀማሉ።

ሲ300 የመሣሪያውን ዓይነት በሚገባ ያሳያል። ሴንሰሩ 8.3 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች ያሉት ሆኖ ለቪዲዮ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ረድፍ መዝለል አያስፈልገውም። ኤክስኤልአር የተባለው የባለሙያ ማይክሮፎን መሰኪያና ለማይክሮፎን 48 ቮልት የሚሰጥ ኃይል አለው። በፀሐይ ጊዜ ብርሃን የሚቀንሰው ኤንዲ ፊልተር በውስጡ ስላለ በሌንስ ፊት መግጠም አይጠይቅም። በሰከንድ 50 ሜጋቢት ሲቀርጽ ለአንድ ሰዓት 22.5 ጊጋባይት ገደማ ይፈልጋል፤ በመሆኑም ባለ64 ጊጋባይት ካርድ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያስቀርጻል። ሁለት የካርድ ቦታ ስላለው አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ወይም በሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ቀርጾ መጠባበቂያ ይይዛል።

ነገር ግን በዚህ መደብ ያሉ ካሜራዎች ሁሉ እኩል አይደሉም። ለምሳሌ ኤፍኤስ100 በውስጡ ኤንዲ ፊልተር የለውም። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ዝርዝሩን መመልከት ይገባል።

ሰፊ ሴንሰር የማይመችበት ጊዜ

የስንዴ ዋግ ወይም በበቆሎ ቅጠል ላይ ያለ ተምች ለአርሶ አደሮች ለማሳየት የሚቀረጽ ትምህርታዊ ቪዲዮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ሰፊ ሴንሰር በቅርብ ሲቀርጽ የቅጠሉ አንድ ክፍል ብቻ ይጠራል፤ ምልክቱ ያለበት ቦታ ሊደበዝዝ ይችላል። መፍትሔው የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ማጥበብ ወይም ጥቂት ወደኋላ ማለት ነው። በከብት ገበያና በፈረስ ጉግስ ላይም የሚንቀሳቀሰውን አካል በጥራት መከተል ይከብዳል። ለእንዲህ ያለው ሥራ፣ በሞተር ከሩቅ ወደ ቅርብ በዝግታ የሚስብ ሌንስ ያለው ባለትንሽ ሴንሰር ቪዲዮ ካሜራ ይበልጥ ይመቻል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ለገዢውና ለአስቀራጩ

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ወይም ከዚያ ያገለገለ ሆኖ የመጣ ካሜራ ሲገዛ፣ በሰከንድ 25 ምስል መቅረጽ መቻሉ ይረጋገጥ። ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ ካሜራዎች የሚቀርጹት በዚያ አገር ሥርዓት ብቻ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ በማይመሳሰል የሻተር ፍጥነት ሲቀረጽ መብራቱ በምስሉ ላይ ይርገበገባል፤ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ማድረግ ችግሩን ይቀንሳል።

ዲኤስኤልአር በእጁ ያለ ሰው ወዲያው መለወጥ አይጠበቅበትም። የተለየ ድምፅ መቅረጫ ጨምሮ በቀረጻው መጀመሪያ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ድምፅና ምስልን በኋላ ለማገጣጠም ይረዳል። ካሜራው የጊዜ ገደብ ካለው ከምርቃቱ በፊት አቁሞ እንደገና ማስጀመር፣ ወይም ሁለት ካሜራዎችን በተለያየ ሰዓት ማስነሣት ይቻላል። ዛሬ መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች ዲኤስኤልአርን እየተኩ ሲሆን ብዙዎቹ የጊዜ ገደብ የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ግን ረጅም ቀረጻ ላይ ሞቀው ይቆማሉ።

ቀረጻ የሚያስቀርጽ ቤተሰብም ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ባለሙያውን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ካሜራው ሳይቆም ስንት ደቂቃ ይቀርጻል? ድምፁ በምን ይያዛል? የተቀረጸውስ በስንት ካርድ ላይ ይቀመጣል? ለሦስቱም ግልጽ መልስ ያለው ባለሙያ፣ መሣሪያው የትኛውም ዓይነት ቢሆን፣ የቤተሰቡን ቀን ሊጠብቅ የሚችልበት ዝግጅት አለው።