ስለ ሙታን ትንሣኤ የተነሣው የጥንት ክርክር

ቀብር በሄድን ቁጥር ስለ ሙታን ትንሣኤ ሲነገር እንሰማለን። ታዲያ ይህ ተስፋ ከክርስትና በፊት በአይሁድ ዘንድ ብርቱ ክርክር ያስነሣ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ167 ዓመት ገደማ፣ ሶርያን ይገዛ የነበረው አራተኛው አንጥያኮስ የአይሁድን ሕግ ከለከለ፤ የኢየሩሳሌምንም ቤተ መቅደስ አረከሰ። ሕጋችንን አንተውም ያሉት ተገደሉ። ያን ጊዜ ሐዘንተኛው ሁሉ፣ ለእግዚአብሔር ብሎ የሞተ ሰው እንዲያው ሞቶ ይቀራል ወይ ብሎ ቢጠይቅ ምን ያስደንቃል! ትንቢተ ዳንኤል በምዕራፍ 12 ሙታን እንደሚነሡ በግልጽ ይናገራል። ከዚያ ቀደም ብሎ መጽሐፈ ሄኖክም የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን ተለይተው እንደሚጠበቁ ይተርካል፤ ይህ መጽሐፍ እኮ ሙሉው የተገኘው በእኛው በግዕዝ ነው።

ሁሉም ግን አልተቀበለውም። ባለጸጎቹ የካህናት ወገኖች፣ ሰዱቃውያን፣ ትንሣኤ የለም አሉ፤ ፈሪሳውያን ደግሞ አለ አሉ። ሐዋርያው ጳውሎስም ፈሪሳዊ ነበርና በሸንጎ ፊት የተከሰሰው ስለዚሁ ተስፋ መሆኑን ተናግሯል። እንግዲህ ክርስቲያኖች ትንሣኤን ከአይሁድ ወረሱት እንጂ እንደ አዲስ አላመጡትም፤ አዲሱ ነገር፣ በክርስቶስ ተጀምሯል ማለታቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ70 ሮማውያን ቤተ መቅደሱን ሲያፈርሱ ሰዱቃውያንም ቀስ በቀስ ጠፉ። ተስፋው ግን በአይሁድም በክርስቲያንም ዘንድ ቀረ።

ሐዘን ቤት ስንቀመጥ ይህን እናስታውስ። ተስፋው የጸናው በድሎት ቤት አይደለም፤ ሟቾቻቸውን በቀበሩ ሰዎች መካከል ነው።