ደርቆ የማይሞት፦ የእርሾ ስኳር ታሪክ

ደማምና ኾበር በቤት ሥራ ላይ ያለን ሁላችን «ኸሚራ» የምትባለዋን እሽግ እናውቃታለን። አሸዋ የመሰለች ጥቃቅን ፍሬ ናት። መደርደሪያ ላይ ወራት ተቀምጣ፣ ለብ ያለ ውሃ ስታገኝ አረፋ ትደፍቃለች። አገር ቤት ያለው እርሾ እንዲህ አይደለም። ሊጡ ላይ የሚያቀረው ቢጫ ውሃ ነው፤ ለሚቀጥለው ቡኮ ይቀመጣል፣ ከተበላሸ ከጎረቤት ይለመናል። እርጥብ ስለሆነ ክትትል ይፈልጋል። እርሾ እኮ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ታዲያ ይቺኛዋ ውሃዋ ሁሉ ወጥቶ እንዴት ሳትሞት ቆየች?

ዋናው ምክንያት አንድ ስኳር ነው። ትሬሃሎዝ ይባላል። ታሪኩን ሳነበው ከእኛ ብዙም የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም።

መጀመሪያ የተገኘው መርዝ ባለበት ነገር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 ዊገርስ የተባለ ጀርመናዊ ኤርጎት ሲመረምር አገኘው። ኤርጎት የእህል ዛላ ላይ እንደ ጥቁር ጥርስ ሆኖ የሚወጣ ሻጋታ ነው። ወሎዎች ይሄን ክፉ ነገር ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዋድላ ደላንታ በኩል ሲናር ላይ የወጣው ኤርጎት ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ ተበልቶ፣ የሰው እግር እየጠቆረ እስከመቆረጥ አድርሷል። መርዙ ሌላ ነው፣ ስኳሩ ሌላ። ስኳሩ ሻጋታው ለራሱ ያስቀመጠው ስንቅ ነው።

ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። በርትሎ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት «ትረሃላ» ከሚባል ነገር ለይቶ አወጣው። ትረሃላ በሶርያ፣ በኢራቅና በኢራን በኩል እሾሃማ ተክል ላይ አንድ ጥንዚዛ የሚሠራው ጣፋጭ ጎጆ ነው፤ ሰዎች ለቅመው ይበሉታል፣ ለመድኃኒትም ያፈሉታል። እሾሃማው ተክል ደግሞ የእኛ ቀበርቾ ዘመድ ነው፤ ያው እናቶቻችን ራስ ምታት ሲይዘን የሚያጥኑን ቀበርቾ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ስኳሩ ለምን እንደሚጠቅም በደንብ አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1984 ካሊፎርኒያ ውስጥ በዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ጆን ክሮውና ሎይስ ክሮው የተባሉ ባልና ሚስት ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ሥራውን አሳዩ። ነገሩ እንዲህ ነው። የሴል ሽፋንና ውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች ቅርፃቸውን የሚይዙት ውሃ ዙሪያቸውን ስለከበባቸው ነው። ውሃው ሲወጣ ይጨማደዱና እርስ በርስ ይጣበቃሉ። የተቀቀለ እንቁላል ተመልሶ ጥሬ እንደማይሆን፣ እነሱም ብዙ ጊዜ አይመለሱም። ትሬሃሎዝ ካለ ግን ውሃው በለቀቀው ቦታ ገብቶ ደግፎ ይይዛቸዋል። ሲደርቅም እንደ ከረሜላ ጠጣር መስተዋት ይሆናል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ባለበት ይቆማል። ውሃ ሲመጣ ስኳሩ ይሟሟል፣ ሴሉም ሥራውን ይቀጥላል።

ደረቅ እርሾ ለገበያ የበቃው ግን ይሄ ከመታወቁ በፊት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፍላይሽማን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ማቀዝቀዣ ለሌላቸው ወታደሮች ሠራው። ዛሬ ዱቄት ላይ በቀጥታ የምንነሰንሰውን ፈጣኑን ደግሞ የፈረንሳዩ ለሳፍር እ.ኤ.አ. በ1973 አወጣው። ፋብሪካዎቹ እርሾው ከመድረቁ በፊት ትሬሃሎዝ እንዲያጠራቅም አድርገው ያሳድጉታል። በቀዝቃዛ ውሃ ስናሟሽሸው የሚደክመውም ለዚሁ ነው፤ ሽፋኑ ቦታውን ሳይይዝ ውስጡ ያለው ይፈስሳል። በጣም የሞቀ ውሃ ደግሞ ይገድለዋል። ለብ ያለው ነው ልኩ።

ድሮ ትሬሃሎዝ በጣም ውድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሃያሺባራ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ከስታርች መሥራት ሲጀምር ዋጋው ወረደ። አሁን መድኃኒት ውስጥ ገብቷል። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ሄርሴፕቲን ፕሮቲን ነው፤ በደረቅ ዱቄት መልክ ሳይበላሽ እንዲቆይ ትሬሃሎዝ ተጨምሮበታል። ሻይ ላይ የምናደርገው ተራ ስኳርም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ በኮሮና ጊዜ ብዙዎቻችን የተወጋናቸው የፋይዘርና የአስትራዜኔካ ክትባቶች ውስጥ አለ።

አሁን ለእኛ ወደሚሆነው ልምጣ። እርሾ ሙቀት ሲበዛበትም ይሄን ስኳር ቶሎ ቶሎ ያመርታል፤ ፕሮቲኑን ከሙቀት ይጠብቅበታል። የሰው ሰውነት ግን ትሬሃሎዝ አይሠራም። ብንበላውም አንጀታችን ሁለት ግሉኮስ አድርጎ ይሰብረዋል፤ ያው እንደ ሌላው ስኳር ደም ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጣፋጭ በልቶ ሙቀት መቋቋም የሚባል ነገር የለም፤ የስኳር ሕመም ያለባት እህት ደግሞ ይበልጥ ትጠንቀቅ።

የደማም በጋ ከ45 ዲግሪ ያልፋል፤ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት ላቡ እንዳይደርቅ ያደርጋል። በመንግሥት ትእዛዝ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 በፈረንጆቹ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። ትእዛዙ የወጣው ግን ለግል ድርጅቶች ነው። ሆሽ የምታጥብ፣ ጣሪያ ላይ ምንጣፍ የምታሰጣ የቤት ሠራተኛ ሰዓቷን ከቤቱ ሰዎች ጋር ራሷ መነጋገር አለባት። እህቶቼ፣ የውጪውን ሥራ በማለዳ ወይም ከመግሪብ በኋላ እንዲሆን ጠይቁ። ሳይጠማችሁ ጠጡ። ራስ ከዞረ፣ ካቅለሸለሸ፣ ነገር ከተምታታባችሁ «ትንሽ ልጨርሰው» አትበሉ፤ ወዲያው ጥላ ግቡ፣ ሰው ጥሩ። እርሾ ደርቆ ወራት ይጠብቃል፤ እኛ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ አንችልም።