ራስ ጉግሳን «አመፀኛ» ያለው ማን ነው?

የጋይንት ሰው ስለ ራስ ጉግሳ ወሌ የእንግሊዝኛውን ዊኪፒዲያ ቢከፍት መናደዱ አይቀርም። የበጌምድር ገዥ፣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱ ባል የነበሩት ሰው ታሪክ «የጉግሳ ወሌ አመፅ» ተብሎ ነው የሰፈረው። አድልዎ ነው? ነው፤ ግን የዊኪፒዲያ አዘጋጆች የፈጠሩት አይደለም።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ፣ ከጋይንት ወደ ወሎ ሲያልፉ በሚገኘው የዘቢጥ ሜዳ፣ ራስ ጉግሳ ከንጉሥ ተፈሪ ጦር ጋር ተዋግተው ሞቱ። በዚያው ሰሞን የተፈሪ አውሮፕላን ቦምብ ብቻ አልጣለም፤ ጉግሳን የተከተለ የተወገዘ ነው የሚል ወረቀትም በትኗል። ንግሥቲቱ በ2ኛው ቀን አረፉ። ተፈሪ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ።

ከዚያ በኋላ ማን ጻፈ? ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ የተፈሪ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውም በ«ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የበኩላቸውን ተረኩ። የዊኪፒዲያ የገለልተኝነት ሕግ ደግሞ የሚመዝነው የታተመውን ነው፤ በስማዳና በእስቴ በቃል የሚወራ ነገር፣ እውነት እንኳ ቢሆን፣ ሚዛኑ ላይ አይወጣም። አንዱ ተናዶ «አመፅ» የሚለውን ቢሰርዝ፣ ምንጭ አምጣ ይሉታል። አያቱን ይዞ አይሄድ ነገር!