ፈላጭና ቆራጭ

ከልካይ የሌለበትን ገዢ በአማርኛ «ፈላጭ ቆራጭ» እንለዋለን። ይህን ቃል በታሪክ መጽሐፍም ሆነ በጋዜጣ ርእስ ላይ ባገኘሁት ቁጥር ግን በዐይነ ኅሊናዬ የሚመጣው ዘውድ የደፋ ንጉሥ አይደለም፤ በረባሶ የተጫማ፣ የተጣጣፈ ካኪ ቁምጣ የለበሰ፣ መጥረቢያውን በትከሻው ጣል አድርጎ «የሚፈለጥ እንጨት!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞር ሰው ነው። በእውነት የሚፈልጠውም የሚቆርጠውም እርሱ ነበርና። ቋንቋችን የዝቅተኛውን ሰው ሥራ ወስዶ ለከፍተኛው ሰው መጠሪያ ማድረጉ ምፀት ካልሆነ ምን ሊባል ይችላል? ንጉሡ በቃሉ ይፈልጣል፤ ያኛው በክንዱ። የንጉሡ ታሪክ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ጥቂት ማለት የፈለግሁት ስለዚያኛው ነው።

ነገሩን ከከተማይቱ ልጀምር። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውኃው ሜዳ ወርደው አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ ከቀደሙት መናገሻዎች ይልቅ ዕድሜዋ ይረዝማል ብሎ ለመገመት በቂ ምክንያት አልነበረም። ከጎንደር ዘመን በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን ከተማ ይኖሩ ነበር፤ የሰፈሩበት አገር እህሉና እንጨቱ ሲያልቅ ነቅለው ይሄዳሉ። የአዲስ አበባም ዕጣ ይኸው ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። በእንጦጦና በዙሪያው የነበረው ጽድና ወይራ ለቤት፣ ለአጥርና ለምድጃ እየተቆረጠ ተመናመነ፤ እንጨት የሚመጣበት መንገድም ከቀን ወደ ቀን ራቀ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ዓለም ወደምንለው ቦታ ሊያዛውሩ ተነሥተው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ቤተ መንግሥቱ በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ መናገሻይቱም ባለችበት ጸናች።

እንድትጸና ካደረጓት ነገሮች አንዱና ዋናው ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ሲሆን፣ በ1880ዎቹ ማብቂያ ወደ አገራችን መግባቱ ብዙ ጊዜ ሞንዶን ቪዳይሌ ከተባለ የምኒልክ ፈረንሳዊ አማካሪ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ፈጥኖ ማደጉ አንድ ነገር ነው፤ ትልቁ ጸጋው ግን ሲቆርጡት አለመሞቱ ነው። ከጉቶው ዙሪያ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶም እንደገና ለምሳር ይደርሳል። ለንጉሡም ምስጋና፣ ለአማካሪውም ምስጋና ይግባ። ነገር ግን ዛፍ ስለ ተተከለ ብቻ ከተማ አይሞቅም። ቆሞ በሚታየው ግንድና ከምጣዱ ሥር በሚነድደው እሳት መካከል የሚጥል፣ የሚመለምል፣ የሚሸከምና የሚፈልጥ ሰው አለ። የጭቃ ቤቱ ቋሚና ማገር፣ ጣሪያውን የያዘው ወራጅ፣ እንጀራ ያስጋገረው ጭራሮና ቅጠል፣ ኋላም በየፎቁ ዙሪያ ለግንበኛ መቆሚያ የተደረደረው አጠና፣ አንዱም ሳይቀር በዚህ ሰው እጅ አልፏል።

ዛፍ መጣል የጉልበት ሥራ ብቻ የሚመስለው ከሩቅ ቆሞ ለተመለከተው ነው። ቆራጩ ከሁሉ በፊት ቀና ብሎ ያያል፤ ግንዱ ወዴት አዘንብሏል? ቅርንጫፉ በየት በኩል ከብዷል? ነፋሱስ ከየት ነው? ከዚያ በሚወድቅበት በኩል ከሥሩ አፍ ይከፍትለታል፤ ቀጥሎ በጀርባው በኩል ጥቂት ከፍ አድርጎ ይቆርጣል። በሁለቱ ቁርጦች መካከል ሳይነካ የሚቀረው ስስ እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ዛፉን እየመራ የሚያስተኛው እርሱ ነው። ይህን ማጠፊያ ቸኩሎ የበጠሰ ሰው ዛፉን ለዕድል አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። አፍ ሳይከፍት በጀርባው ብቻ የቆረጠ ደግሞ የባሰ ሊገጥመው ይችላል፤ ያዘነበለው ግንድ መሬት ሳይደርስ ቁመቱን ተከትሎ ይሰነጠቅና ግማሹ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ቆራጩን ይመታል። ባሕር ዛፍ በዚህ ረገድ ክፉ ነው፤ ሲያድግ በውስጡ ውጥረት ያጠራቅማል፣ በተቆረጠም ጊዜ ጫፉ በራሱ ይሰነጠቃል። ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ከተፈለገ ደግሞ ቅርፊቱ ሳይላጥ፣ ዝናብ እንዳያቁር ቁርጡ ዘንበል ብሎ፣ በስል ምሳር መቆረጥ አለበት። ዶልዱም ምሳር ዛፉንም ሰውዬውንም ይጎዳል፤ አልገባም ብሎ ነጥሮ የሚመለሰው ዶልዱሙ ነውና።

«ለወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» የሚለውን ተረት ብዙ ጊዜ የምንተርተው ስለ ሰው ጨካኝነት ነው። እኔ ግን ተረቱን ያወጣው ሰው ራሱ ቆራጭ የነበረ ይመስለኛል። ግንዱ ከወደቀ በኋላ መንደሩ ሁሉ ምሳሩን ይዞ ይመጣል፤ ቆሞ ሳለ ግን ሥሩ የሚገኘው አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ነው።

ሌላም ቃል አለ። የመጥረቢያ እጀታ ዛቢያ ይባላል፤ ጥሩው ከወይራ ይጠረባል። ተማሪዎቻችን «ምድር በራሷ ዛቢያ ትዞራለች» ሲሉ የመጥረቢያ እጀታ እየጠሩ መሆናቸውን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ብረቱ በዛቢያው ላይ ከላላ፣ በተሰነዘረ ጊዜ ወልቆ ይበርራል፤ ስለዚህ ፈላጩ ማታ መጥረቢያውን ውኃ ውስጥ ነክሮ ያሳድረዋል፤ እንጨቱም አብጦ ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ሲደርቅ ግን መልሶ ይላላል። የድሃ ጥንቃቄ ነው፤ በየማታው መታደስ አለበት።

በልጅነቴ ወደ ግቢያችን ይመጣ የነበረውን ፈላጭ «ጋሼ» እንለው ነበር፤ ስሙን ጠይቀነው አናውቅም። ይህ ነገር አሳፋሪ መሆኑ የተሰማኝ ካደግሁ በኋላ ነው። እርጥቡን ባሕር ዛፍ በአንድ ምት ይሰነጥቀዋል፤ የደረቀውንና ጠማማውን ግን ሽብልቅ ያስነክሰውና በመዶሻ ይመታዋል። እኔ ቀረብ ስል ሥራውን ያቆማል። «ዞር በል ልጄ፤ ፍልጥ ዐይን የለውም» ይለኛል። ለራሱ ዐይን ግን መከለያ አልነበረውም፤ ለእግሩም ከጎማ የተሠራው በረባሶ ብቻ። አንድ የክረምት ጠዋት ግንዱ ረጥቦ ነበርና መጥረቢያው አዳልጦት ግራ እግሩን ቆረጠው። እናቴ የቡና ዱቄት ነስንሳ በነጠላዋ ቅዳጅ አሰረችለት። እርሱ ቁስሉን አይመለከትም ነበር፤ የሚመለከተው ገና ያልተፈለጡትን አራት ግንዶች ነው። ሒሳቡን አስቀድሞ ወስዶ ነበርና። «እመጣለሁ እትዬ፤ እጨርሰዋለሁ» ብሎ እያነከሰ ወጣ።

ከፈላጩም በላይ የተዘነጉት የእንጦጦ ሴቶች ናቸው። ከሦስት ሺሕ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ተራራ ቅጠል ጠርገው፣ ጭራሮ ለቅመው፣ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው ወደ ከተማ ይወርዱ ነበር፤ ሸክሙ የራሳቸውን ክብደት የሚያህልበት ጊዜ ብዙ ነው። በ1967 ዓ.ም. መሬት ሲወረስ የመኳንንቱና የባለርስቱ ባሕር ዛፍም አብሮ ወደ መንግሥት ገባ። ለተሸካሚዋ የተለወጠላት ነገር ቢኖር የጥበቃው አለቃ ነው፤ ከተያዘች ሸክሟንም ገመዷንም ታጣለች። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተመው የፍቅርተ ኃይሌ ጥናት ስለ እነዚሁ ሴቶች የተጻፈ ነው፤ ከመካከላቸውም አንዳንዶቹ በኋላ ሽመና ተምረው ሸክሙን ጥለዋል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ በኋላ እኔም ለሽርሽር ወጥቼ ነበር። ባዶ እጄን ቁልቁለቱን ስወርድ ጉልበቴ ተብረከረከ፤ ለጓደኞቼ ግን አልተናገርሁም።

ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ደን ሥራ ደኅንነትና ጤና የአሠራር ደንብ አውጥቷል። የራስ ቁር፣ የዐይን መከለያ፣ ጠንካራ ጫማ ያስፈልጋል ይላል፤ ቆራጭ ለብቻው እንዳይሠራ ይመክራል፤ ሌላ ሰው ሁሉ ከሚቆረጠው ዛፍ ቢያንስ የቁመቱን እጥፍ ያህል እንዲርቅ ያዝዛል። ይህን የመጨረሻውን ሳነብ ፈገግ አልሁ፤ «ዞር በል ልጄ» ማለት ነው። ደንቡ ግን ስለ ራሱ ስለ ቆራጩም ያስባል፤ ጋሼ ያላወቀው ይህን ነበር። አሁን የሞተር መጋዝ መጥቷል፤ ፍጥነቱም አደጋውም በአንድነት ጨምሯል። ባለፈው ዓመት በሰፈራችን መንገድ ዳር አንድ ወጣት በነጠላ ጫማ ከዛፍ ላይ ወጥቶ በዚሁ መጋዝ ቅርንጫፍ ሲያወርድ አይቻለሁ። ከታች የቆመው ባልንጀራው ገመድ ይዟል፤ ገመዱ የታሰረው ግን በሰውዬው ላይ ሳይሆን በቅርንጫፉ ላይ ነበር፤ የጎረቤት ቆርቆሮ እንዳይሰበር።

ጋሼ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በላዩ ላስቲክ አስሮበት ነበር። እናቴ አራቱን ግንዶች ለሌላ ሰው አልሰጠችም፤ ከጓዳው ጥግ እንዳሉ ነበሩ። «ቡና ልታፈላ ነው፤ መጀመሪያ ተቀመጥ» ብለው ጎረቤታችን ቢለምኑት እምቢ አለ። መጥረቢያውን አነሣ፣ ብረቱ አለመላላቱን በእጁ ነቅነቅ አድርጎ አየ፣ ግራ እግሩን ከግንዱ አርቆ ቆመ። እኔ ማንም ሳያዘኝ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቀና ብሎ ያለሁበትን ካየ በኋላ ነው መጥረቢያውን የሰነዘረው።