የጥላ ልክና የሰማይ ሰዓት በባሌ ደጋ

ጊዜ የማይጨበጥ ነገር ስለ ሆነ፥ ሰው ሁልጊዜ የሚለካው በሌላ ነገር ተመርኵዞ ነው። በባሌ ደጋ፥ በጐባና በሮቤ፥ እንደ ሌላው ያገራችን ክፍል ሁሉ፥ የእጅ ሰዓት ከመምጣቱ በፊት መለኪያው ጥላ ነበረ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ጥላን በጫማ እየለኩ የጸሎትን ሰዓት ይለዩ ነበር፤ በመስጊድም የዐስር ሶላት መግባት የሚታወቀው በቀትሩ ጥላ ላይ የነገሩ ቁመት ሲጨመርበት ነው። ሁለቱም የሚጠይቁት አንዲቱን ፀሐይ ነው።

ሮቤ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ፥ ረዥሙ ቀንዋ ከአጭሩ የሚበልጠው በ50 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ 12 ሰዓት ብሎ መቍጠር ለዚህ አገር የተስማማ ነው። ይሁን እንጂ የአገሪቱ ሰዓት የሚከተለው በምሥራቅ ያለውን የ45 ዲግሪ መስመር ሲሆን፥ ሮቤ ያለችው በ40ኛው ዲግሪ ላይ ነው። ምድር አንዱን ዲግሪ የምትዞረው በ4 ደቂቃ ስለ ሆነ፥ የሮቤ ፀሐይ ከሰዓቱ በአማካይ 20 ደቂቃ ትዘገያለች። የምድር ዛቢያ ማዘንበልና የመንገድዋ ሞላላነት ሲታከልበት ደግሞ፥ እውነተኛው ቀትር በጥቅምት መጨረሻ ሳምንት 6 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ያህል፥ በየካቲት መጀመሪያ ግን 6 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ያህል ላይ ይውላል።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለትን በ60 ኬክሮስ፥ ኬክሮስን በ60 ካልዒት ከፍለው፥ በዚሁ መንገድ በሣልሲት፥ በራብዒትና በኀምሲት በኩል እስከ ሳድሲት ደርሰዋል። ቢሰላ ኬክሮስ 24 ደቂቃ፥ ካልዒት 24 ሴኮንድ ሲሆን፥ ሳድሲት ሴኮንድ በ540,000 ተከፍሎ አንዱ እጅ ነው። ይህን የመሰለ ደቃቅ ጊዜ በዚያ ዘመን በሐሳብ እንጂ በመሣሪያ የሚለካ አልነበረም።

መሣሪያው የመጣው በሰማይ በኩል ነው። መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ጨረቃ በላከች ጊዜ፥ አሜሪካውያን ሊቃውንት የምልክትዋን መለዋወጥ ተከታትለው መንገድዋን ዐወቁ፤ ነገሩ ሲገለበጥም፥ መንገድዋን ያወቀ ሰው የቆመበትን ቦታ ሊያገኝ እንደሚችል ተረዱ። የጂ.ፒ.ኤስ. የመጀመሪያው ሳተላይት የካቲት 15 ቀን 1970 ዓ.ም. ተላከ፤ ሥርዐቱም በ1987 ዓ.ም. ተሟላ። እያንዳንዱ ሳተላይት የአቶም ሰዓት ይዞ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይዞራል፤ አራቱን የሚሰማ መቀበያም ቦታውንና ጊዜውን ያውቃል።

ይህን ጊዜ ለመጠበቅ የተንቀሳቃሽ ስልክ ጣቢያዎች መቀበያ ሞጁሎችን ያስገቡ ነበር፤ ጣቢያዎቹ ሲታደሱ የተነቀሉትን አሮጌዎች ሰዓት መሥራት የሚወዱ ሰዎች በርካሽ ይገዟቸዋል። አንቴናው ሰማዩ ወለል ብሎ በሚታይበት ጣራ ላይ ይተከላል፤ ሜዳማዋ ሮቤ ለዚህ ትመቻለች፥ በሳነቲ ተራራ ሥር ባለችው ጐባ ግን ቦታ መምረጥ ያሻል። ሞጁሉ ሳይነቃነቅ ቦታውን ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ለጊዜ አንድ ሳተላይት ይበቃዋል፤ በየሴኮንዱም አንድ የኤሌክትሪክ ምት ይሰጣል። ምልክቱ በአንድ ሜትር የአንቴና ሽቦ ውስጥ ለማለፍ ከሴኮንድ ቢሊዮን እጅ አምስቱን ያህል ስለሚወስድ፥ የሽቦው ርዝመት እንኳ በሒሳብ ይገባል። እነሆ ሊቃውንቱ በሐሳብ የከፈሉት ሳድሲት በገበታ ላይ ተለካ።

ነገር ግን ይህ መሣሪያ ሴኮንዱን ሳይስት ዓመቱን ይስታል። የጂ.ፒ.ኤስ. ሳምንት ቈጠራ ታኅሣሥ 27 ቀን 1972 ዓ.ም. ጀምሮ በየ1,024 ሳምንቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ነሐሴ 16 ቀን 1991 ዓ.ም. እና መጋቢት 29 ቀን 2011 ዓ.ም. ዞሯል። አሮጌ ሞጁል ዙሩን ስለማያውቅ ቀኑን 19 ዓመት ከሰባት ወር ተኩል ያህል ወደ ኋላ ይመልሰዋል። መድኀኒቱ 7,168 ቀን መጨመር ነው። ዐውደ አበቅቴ በ19 ዓመት እንደሚመለስ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም፤ ስንተኛው ዐውድ እንደ ሆነ ማስላት የሊቁ ድርሻ ነውና።

የሰማዩ ሰዓት ባለቤት አለው። የአሜሪካ መንግሥት እስከ ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ድረስ ለሕዝብ የሚሰጠውን ምልክት ሆን ብሎ ያደበዝዘው ነበር። ጥላ ግን ባለቤት የለውም። ስለዚህ የሮቤና የጐባ ተማሪዎች ሞጁሉን ሲያቆሙ በአጠገቡ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ይትከሉ። በመጋቢት መጨረሻ ፀሐይ በሮቤ አናት ላይ ትቆማለች፤ ያን ቀን የዘንጉ ጥላ ከሥሩ የሚሰበሰበው ሰዓቱ 6 ሲል ሳይሆን 20 ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ መሆኑን ራሳቸው ያያሉ። ያን ያየ ተማሪ ሰዓት የሰዎች ስምምነት መሆኑን፥ ቀትር ግን የአገሩ የራሱ መሆኑን ይረዳል፤ መሣሪያው ቢሳሳት የሚያርምበት፥ ቢዘጋበትም የሚመለስበት ዕውቀት ይኖረዋል።