የደሴ ዳገትና የናፍታ ኖዝል
ከደሴ በሐይቅ ከተማ፣ በአምባሰል ተራራ ሥር አልፎ ወደ ውጫሌ የሚዘልቀውን መንገድ አሻሽሎ የሠራው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ጣሊያን ነው። ኋላ በዚህ መንገድ ፊያት 682 ኤንትሬ የጭነት መኪና መጣ፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው። እኔ የናፍታ ፖምፓና ኖዝል መጠገን የለመድኩት በእሱ ነው። የመኪናው ባለንብረት «ናፍታ ጨምርበት፣ ዳገቱን ይብላው!» ይላል። እኔ ኖዝሉን መሞከሪያው ላይ አስሬ ናፍታ በእጅ እገፋበታለሁ፤ እንደ ጭጋግ ከረጨ ደግ፣ ጫፉ ካንጠባጠበ አልቀበለውም። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ትርፍ ናፍታ ጥቁር ጭስ ይሆናል፣ ሞተሩንም ያግላል። ዛሬ በአዳዲስ ሞተሮች የናፍታውን መጠን ኮምፒውተር ያዛል። ትልቅ ኢንጀክተር የምትገጥሙ ልጆች፣ መጀመሪያ አየሩን አስቡ፤ ከዚያ የኢንጀክተሩን ፍሰት ለኮምፒውተሩ በትክክል አስገቡለት።